ኳስና ደብተር በአንድ ግቢ፦ የምዕራብ አፍሪካ የታዳጊ እግር ኳስ አካዳሚዎች ሥራ

የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ምሽት አቢጃን ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ እየተካሄደ ነው። አዘጋጇ ኮትዲቯር በናይጄሪያ 1 ለ 0 ተመርታ ለእረፍት ወጥታለች። ከእረፍት መልስ የተሻማውን የማዕዘን ምት ፍራንክ ኬሲዬ በግንባሩ ገጭቶ አገባው። ጨዋታው ሊያልቅ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ሲቀረው ደግሞ ከግራ መስመር የተሻገረችውን ኳስ ሴባስቲያን ሃለር በእግሩ ጫፍ ነክቶ መረብ ውስጥ ከተታት። ዋንጫው ኮትዲቯር ቀረ። ሁለቱንም ኳሶች ያመቻቸው የ22 ዓመቱ የክንፍ ተጫዋች ሲሞን አዲንግራ ሲሆን የውድድሩ ምርጥ ወጣት ተጫዋች ተብሎም ተሸለመ።

አዲንግራ የኮትዲቯር ልጅ ነው። ኳስ የተማረውም፣ ደብተር ይዞ ክፍል የገባውም ግን በጎረቤት አገር በጋና፣ ራይት ቱ ድሪም በሚባል አካዳሚ ነው። ስሙ ሲተረጎም «የማለም መብት» ማለት ነው። የጋናውን አጥቂ የመሐመድ ኩዱስን ጨዋታ በቴሌቪዥን የሚከታተል ሁሉ፣ የአካዳሚውን ስም ባይሰማ እንኳን የዚህን ግቢ ሥራ አይቷል።

ስለ እንዲህ ያለ አካዳሚ ሲወራ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው እንዴት እንደሚገባበት ነው። እኔ ሌላ ጥያቄ ነው የሚያስጨንቀኝ። በአንድ ክፍል አብረው ከተማሩት ልጆች መካከል ኩዱስ የሆነው አንድ ነው። የቀሩት ምን ሆኑ? የአንድን አካዳሚ ማንነት ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ መልሱን ለማግኘት ግን መጀመሪያ ቤቱ እንዴት እንደሚቆም፣ ገንዘቡም ከየት እንደሚመጣ መረዳት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ራይት ቱ ድሪምን በ1999 አክራ ላይ የመሠረተው ቶም ቨርነን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በኋላ በአፍሪካ የማንቸስተር ዩናይትድ መልማይ ሆኖም ሠርቷል። ሲጀምር ጥቂት ልጆችን በራሱ ቤት አስቀምጦ አቧራማ ሜዳ ላይ ነበር የሚያሠለጥናቸው። ዛሬ አካዳሚው ከአኮሶምቦ ግድብ ብዙም በማይርቀው ኦልድ አክራዴ፣ በቮልታ ወንዝ ዳር የራሱ ሜዳዎች፣ የመማሪያ ክፍሎችና መኝታ ቤቶች ያሉት ሰፊ ግቢ ሆኗል። ልጆቹ እዚያው ያድራሉ፣ እዚያው ይማራሉ። ወላጅ የሚከፍለው ነገር የለም። ምግቡ፣ ሕክምናው፣ ትምህርቱም ሆነ ጉዞው በአካዳሚው ወጪ ነው። ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስባታለሁ።

ልጆቹ የሚመጡት ከየት ነው? ጋና ውስጥ «ኮልትስ» የሚባል የታዳጊዎች ኳስ አለ። በየሰፈሩ ሜዳ፣ በዕድሜ ተከፋፍሎ የሚካሄድ ሲሆን ቡድኑን የሚይዘው ብዙ ጊዜ የሰፈሩ ሰው ነው። ከኪሱ ኳስ ይገዛል፣ ልጆቹን ይሰበስባል፣ ወላጆቻቸውን ያግባባል። መልማዮች ሊያዩ የሚመጡበት የሙከራ ቀን ደግሞ በልጆቹ ዘንድ «ጀስቲፋይ» ይባላል፤ መመረጥ እንደሚገባህ የምታረጋግጥበት ቀን ለማለት ነው። የአሥር ወይም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ለማያውቀው ሰው ራሱን ያረጋግጣል። ኩዱስ ከእንዲህ ዓይነቱ ሰፈር ነው የወጣው። ኒማ አክራ ውስጥ ቤቶቹ የተጠጋጉበት፣ ከሰሜን ጋናና ከጎረቤት አገሮች የመጡ ቤተሰቦች ተቀላቅለው የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ወደ አካዳሚው ሲገባ ዕድሜው 12 ዓመት ገደማ ነበር።

ትምህርቱ ለምን?

ብዙ ሰው ትምህርቱን እንደ ማስጌጫ ይቆጥረዋል፤ ወላጅን ለማሳመን የሚለጠፍ ጥሩ ቃል ይመስለዋል። በአንዳንድ ቦታ እውነትም እንደዚያ ነው። በትክክል በሚሠራበት ቦታ ግን ትምህርት ለኳሱም ለልጁም ሥራ ይሠራል።

ከኳሱ እንጀምር። አዲንግራ ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገር ተነሥቶ እንግሊዝኛ ወደሚነገርበት ጋና ሄደ። ከዚያ ዴንማርክ፣ ከዚያ ቤልጅግ፣ ቀጥሎ እንግሊዝ። በየደረሰበት አዲስ አሠልጣኝ፣ አዲስ የጨዋታ ሥርዓት፣ አዲስ ኑሮ ይጠብቀዋል። የዘመኑ እግር ኳስ ደግሞ የሚጠናበት ሰሌዳ አለው፤ አሠልጣኝ ቪዲዮ አቁሞ «ኳስ ከዚህ ስትጠፋ የት መቆም ነበረብህ?» ብሎ ይጠይቃል። ጠይቆ መረዳትን፣ የማያውቀውን «አላውቅም» ብሎ መናገርን በ12 ዓመቱ ያልተለማመደ ልጅ በ18 ዓመቱ በበረዶ አገር ለብቻው ሲቀመጥ ችሎታው ብቻውን አያቆመውም።

ሌላው የዕድሜ ጉዳይ ነው። በአካባቢያችን ሁሉ የሚታወቅ ሕመም ስለሆነ በግልጽ መነገር አለበት። ለገዢ ክለብ የ17 ዓመት ልጅ ከ20 ዓመት ወጣት የበለጠ ዋጋ አለው፤ ስለዚህ ዕድሜ ይቀነሳል። ፊፋ በ2009 ናይጄሪያ ላይ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በማግኔቲክ ምርመራ ማየት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ዕድሜው በወረቀት ላይ የተቀነሰ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ መቀመጥ ይከብደዋል። የክፍል ደረጃው፣ የፈተና ወረቀቱ፣ አብሮ አደጎቹ ሁሉ ይመሰክሩበታል። ስለዚህ ደላላው መጀመሪያ የሚያስቆመው ትምህርቱን ነው። ልጁ ገና አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ሁለት ነገር ተወስዶበታል፤ እውነተኛው ዕድሜውና ክፍሉ።

ሦስተኛው ምክንያት በር ነው፤ ራይት ቱ ድሪምን ለየት የሚያደርገውም ይህ ይመስለኛል። አካዳሚው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ልጆቹን በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ አዳሪ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲልክ ቆይቷል። አቡ ዳንላዲን እንውሰድ። ከጋና ተነሥቶ ካሊፎርኒያ ውስጥ ደን በሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ተማረ፣ ከዚያ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለስ ቅርንጫፍ ተማሪ ሆነ፣ በ2017 የአሜሪካ ሊግ ክለቦች የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾችን በተራ ሲመርጡ ሚኒሶታ ዩናይትድ ከሁሉም አስቀድሞ እሱን መረጠው። ማይክል ቴቴና ኢማኑኤል ቦአቴንግም በሳንታ ባርባራ ዩኒቨርሲቲ በኩል አልፈው ነው ወደ አሜሪካ ሊግ የገቡት። ዴቪድ አካም በእንግሊዝ ሃርትፑሪ ኮሌጅ ተምሮ በስዊድን በኩል ቺካጎ ደረሰ።

እነዚህ በኳሱ የተሳካላቸው ስለሆኑ ስማቸው ይታወቃል። በዚያው በር ገብተው በኳስ ሳይሆን በዲግሪ የወጡ ልጆችም አሉ፤ እነሱን ጋዜጣ አይጽፍላቸውም። አንድ ሐቅ ግን አለ። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄደ ልጅ ለአካዳሚው የዝውውር ገንዘብ አያስገኝም። ስለ ትርፍ ብቻ የሚያስብ ቤት በእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ላይ አምስት ዓመት ሙሉ የመምህር ደመወዝ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። ለዚህ ነው የትምህርቱ ነገር በማስታወቂያ ሳይሆን በበጀት መዝገብ ላይ መታየት አለበት የምለው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ሕጉ ትንሽ ይወሳሰባል፤ ቀስ ብለን እንሂድ።

መሠረቱ የፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ 19ኛው አንቀጽ ነው። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር መዘዋወር አይችልም ይላል። ለዚህ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ወላጆቹ ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት አገር ከቀየሩ፣ ልጁ ድንበር ላይ የሚኖር ከሆነ፣ ወይም ዝውውሩ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል ሆኖ ልጁ 16 ዓመት ከሞላው። የመጨረሻው ለአፍሪካ ልጅ አይሠራም። ስለዚህ አንድ የጋና ታዳጊ የቱንም ያህል ቢደነቅ ለአውሮፓ ክለብ ተመዝግቦ ለመጫወት 18ኛ ልደቱን መጠበቅ አለበት። ይህ ደንብ ለአዲስ አበባ ወይም ለአርባ ምንጭ ልጅም በእኩል የሚሠራ ነው። «የ15 ዓመት ልጅህን ለአውሮፓ ክለብ አስፈርማለሁ» የሚል ሰው ከመጀመሪያው ቃሉ ውሸታም መሆኑን ወላጅ ሁሉ ቢያውቅ ብዙ እንባ ይቀር ነበር።

የኩዱስ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። የተወለደው ነሐሴ 2 ቀን 2000 ነው። በዴንማርክ ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው 18 ዓመት በሞላው በሦስተኛው ቀን፣ ከብሮንድቢ ጋር ነበር። ሦስት ቀን! ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ በሩ በሕግ የሚከፈትበትን ቀን ሁሉም አውቆ ጠብቋል።

አካዳሚዎች እንዲያብቡ ያደረገው አንዱ ነገር ይኸው ክልከላ ነው። ልጁ እስከ 18 ዓመቱ አገሩ ላይ መቆየት ካለበት፣ እዚያው ሆኖ በደንብ የሚያሠለጥነውና የሚያስተምረው ቤት ያስፈልጋል። ታዲያ ያ ቤት በመጨረሻ ምን ያገኛል? በደንቡ መሠረት ሁለት ዓይነት ክፍያ አለ።

የመጀመሪያው የማሠልጠኛ ካሳ ነው። ተጫዋቹ የመጀመሪያውን የባለሙያ ውል ከውጭ ክለብ ጋር ሲፈርም፣ እንዲሁም እስከ 23 ዓመቱ ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወር፣ አዲሱ ክለብ ያሠለጠነውን ይክሳል። ስሌቱ በዓመት ነው፤ በአውሮፓ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ላለ ክለብ ለአንድ ዓመት 90 ሺህ ዩሮ ሲሆን ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ጊዜ ግን በዓመት 10 ሺህ ዩሮ ብቻ ይታሰባል። አንድ ልጅ ከ12 እስከ 17 ዓመቱ በአንድ አካዳሚ ቢቆይና እንዲህ ካለ ክለብ ጋር ቢፈርም፣ አራቱ ዓመት 40 ሺህ፣ ሁለቱ ዓመት 180 ሺህ፣ በድምሩ 220 ሺህ ዩሮ ይሆናል።

ሁለተኛው የአብሮነት ክፍያ ይባላል፤ እኔ ከደንቡ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ተጫዋቹ በውሉ መካከል በገንዘብ ሲሸጥ፣ ከዋጋው 5 በመቶ ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ሁሉ ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዋጋው ሩብ በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ግማሽ በመቶ ነው። በቀደመው ምሳሌያችን ልጁ በ40 ሚሊዮን ዩሮ ቢሸጥ፣ አካዳሚው ለአራቱ ዓመት 1 በመቶ፣ ለሁለቱ ዓመት ሌላ 1 በመቶ፣ በጠቅላላው 800 ሺህ ዩሮ ይደርሰዋል። ልጁ በ30 ዓመቱ በሽያጭ ሲዘዋወርም ይኸው ድርሻ ይከፈላል፤ ጊዜ አይሽረውም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ገንዘብ ካለ የሰፈሩ አሠልጣኝ ለምን ድሃ ሆኖ ይኖራል? ምክንያቱም ክፍያው የሚሄደው በፌዴሬሽን ለተመዘገበ ክለብ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ «የተጫዋች ፓስፖርት» አለው፤ ድንበር የሚያሻግር ሰነድ አይደለም፤ ፌዴሬሽኑ የሚያወጣው፣ ልጁ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን በየትኛው ክለብ እንደተመዘገበ የሚዘረዝር ወረቀት ነው። በዚያ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ዓመት ገንዘብ የለውም። ከኪሱ ኳስ እየገዛ ልጁን ለአራት ዓመት ያሳደገው ሰው ስሙ እዚያ ከሌለ ቤሳቤስቲን አያገኝም። ፊፋ በ2022 መጨረሻ ፓሪስ ላይ የክፍያ ማጣሪያ ማዕከል ሥራ ካስጀመረ ወዲህ የመዝገቡ ዋጋ የበለጠ ጨምሯል፤ ማዕከሉ ገንዘቡን የሚያከፋፍለው መዝገቡን ተከትሎ ነውና።

አሁን ሒሳቡን እናስተያየው። አንድ አካዳሚ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆችን በነፃ ያስተምራል። 220 ሺህ ዩሮ የሚያስገኘው ልጅ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። የመምህሩ ደመወዝ ግን በየወሩ ይመጣል። ራይት ቱ ድሪም ለብዙ ዓመታት የኖረው በለጋሾች ድጋፍ ነበር፤ ከዚያ በ2015 መጨረሻ ገደማ ያልተለመደ ውሳኔ ወሰነ። በአውሮፓ ክለብ የሚገዛ የአፍሪካ አካዳሚ እንጂ የአውሮፓን ክለብ የሚገዛ የአፍሪካ አካዳሚ ብዙም ታይቶ አይታወቅም ነበር። ከኮፐንሃገን በስተሰሜን ፋሩም ከተማ ያለውን ኖርድሼላንድን ገዛ። በ2012 የዴንማርክ ሻምፒዮን የነበረ ክለብ ነው።

ለውጡ ምን እንደሆነ በቁጥር ይታያል። ኩዱስ በ2020 ወደ አያክስ ሲሄድ ወደ 9 ሚሊዮን ዩሮ፣ ካማልዲን ሱሌማና በ2021 ወደ ፈረንሳዩ ሬን ሲሄድ ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ ተከፈለ። ይህ ካሳ አይደለም፤ ሙሉው የመሸጫ ዋጋ የገባው በዚያው ቤተሰብ ውስጥ ላለው ክለብ ነው። ከ2 በመቶ ድርሻ ወደ ሙሉው ዋጋ መዝለል ማለት ነው። ልጁም ቢሆን 18 ዓመት ሲሞላው ወደማያውቀው ክለብ አይወረወርም፤ አብረውት የተማሩ ልጆች ቀድመውት ወደደረሱበትና ወጣቶችን ያለ ፍርሃት ወደሚያሰልፍ ክለብ ነው የሚሄደው። በ2021 የግብፁ የመንሱር የንግድ ኩባንያ 120 ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰበት፤ ቤቱ ወደ ግብፅ ተስፋፋ፣ በ2025 ደግሞ ሳን ዲዬጎ ኤፍሲ በዚሁ ጥላ ሥር የአሜሪካን ሊግ ተቀላቀለ።

ቀድመው የነበሩና ጎን ለጎን ያሉ

ራይት ቱ ድሪም ብቻውን የተፈጠረ አይደለም። የመንገዱ ጀማሪ አቢጃን ላይ ያለው የአሴክ ሚሞሳ ክለብ አካዳሚ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዊው ዣን ማርክ ጊዩ ሶል ቤኒ በሚባለው ግቢ የሰበሰባቸው ልጆች በባዶ እግራቸው ነበር የሚሠለጥኑት። ምክንያቱ ድህነት አልነበረም። ኳሷን በቆዳው ያልለመዳት ልጅ በታኬታ አይገዛትም ብሎ ያምናል፤ ታኬታ የሚሰጠው ኳስ ማንቀርቀቡን በተደጋጋሚ ፈተና ላለፈ ነበር። በ1999 የአፍሪካ ሱፐር ካፕ አሴክ እነዚህን አፍላ ወጣቶች አሰልፎ የቱኒዚያውን ኤስፔራንስ 3 ለ 1 አሸነፈ። ኮሎ ቱሬ፣ ዲዲየር ዞኮራ፣ ከነሱም ቀጥሎ ያያ ቱሬ፣ ኢማኑኤል ኢቡዌ፣ ሰሎሞን ካሉና ዤርቪንሆ ከዚያው ግቢ ወጡ። አንድ አገር ለዓለም ዋንጫ የሚበቃ ቡድን ከሞላ ጎደል ከአንድ ግቢ ያገኘችበት ሌላ ምሳሌ በአፍሪካ አላስታውስም።

ሴኔጋል ውስጥ ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን አሉ። ማዲ ቱሬ በ2000 የመሠረተው ጄኔራሲዮን ፉት ከፈረንሳዩ ሜትዝ ጋር ተጣምሮ ይሠራል፤ ሜትዝ ይደግፋል፣ ምርጦቹንም ይወስዳል። ሳዲዮ ማኔ ለሙከራ ሲመጣ አንድ አዛውንት የተቀደደ ታኬታውን አይተው በዚህ ነው የምትጫወተው ብለው እንደጠየቁት ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ያ ልጅ በተወለደባት ባምባሊ መንደር ትምህርት ቤትና ሆስፒታል አሠርቷል። ዲያምባርስ ደግሞ በ2003 በእነ ፓትሪክ ቪየራ፣ በርናርድ ላማ፣ ጂሚ አጆቪ ቦኮና ሳየር ሴክ ሳሊ ከተማ ላይ ተመሠረተ። ስሙ በወሎፍ ቋንቋ ጀግኖች ማለት ነው። ሐሳቡን የገለበጡት እነሱ ናቸው። ትምህርቱ ለኳስ አይደለም፤ ኳሱ ልጁን ወደ ትምህርት የሚጎትት ሞተር ነው አሉ። ሴኔጋል በ2022 መጀመሪያ የመጀመሪያዋን የአፍሪካ ዋንጫ ስታነሣ የመጨረሻዋን ፍጹም ቅጣት ምት ያስቆጠረው የጄኔራሲዮን ፉቱ ማኔ ሲሆን ከእሱ በፊት መትቶ ያገባው ባምባ ዲየንግና የመሐል ሜዳው ኢድሪሳ ጋና ጌይ የዲያምባርስ ልጆች ናቸው።

የማይዘለሉ ቅሬታዎች

ጋናና ኮትዲቯር በዓለም ገበያ የኮኮዋ ቀዳሚ አምራቾች ናቸው። ጥሬውን ይልካሉ፣ ቸኮሌቱን ይገዛሉ። ስለ አካዳሚዎች የሚነሣው ትልቁ ወቀሳ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ልጁ ጥሬ ሆኖ ይወጣል፣ በቴሌቪዥን ተመልሶ ይሸጥልናል። እኛ ስለ ቡናችን ስንናገር የኖርነው ነገር ስለሆነ ቶሎ ይገባናል። ወቀሳው ውስጥ እውነት አለ። ጥሩ አካዳሚ ያለበት አገር ጥሩ ሊግ ይኖረዋል ማለት አይደለም፤ ጋና ለዚህ ምስክር ናት። በ2018 የምርመራ ጋዜጠኛው አናስ አረሜያው አናስ ያጋለጠው የዳኞችና የፌዴሬሽን ሙስና ሊጉን እስከ ማቋረጥ አድርሶታል። ሜዳው በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ «ልጆቹ ለምን ወጡ?» ብሎ አካዳሚውን ብቻ መክሰስ ግን ፍትሕ አይመስለኝም።

ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላው ነው። የ11 ዓመት ልጅ ከእናቱ ቤት ወጥቶ በአዳሪ ግቢ ያድጋል። ቤተሰቡ ዘመዱ ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ልጅ እግር ላይ ተስፋውን ያኖራል። ይህን ሸክም የትኛውም ትምህርት ሙሉ በሙሉ አያነሣለትም። ሴት ልጆችም ለረጅም ጊዜ በዚህ ሥዕል ውስጥ አልነበሩም፤ ራይት ቱ ድሪም ለሴቶች የአዳሪ ቦታ የከፈተው በ2013 ነው፣ ከተመሠረተ 14 ዓመት በኋላ። ለሴቶቹ የዝውውር ገበያው ገንዘብ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ በነሱ ዘንድ የትምህርቱ በር ከኳሱ በር ይሰፋል፤ ወንዶቹም ይህን ቢያዩት እላለሁ።

ከሁሉም የከፋው አካዳሚ ሳይሆኑ አካዳሚ ነን የሚሉት ናቸው። አካሄዳቸው በየአገሩ አንድ ነው። ደላላው ልጁን ያደንቃል፣ ለቪዛና ለአውሮፕላን ቲኬት ይላል፣ ቤተሰቡ መሬት ወይም ከብት ይሸጣል፣ ልጁ ከማያውቀው ከተማ ይደርሳል፣ የደላላው ስልክ ይዘጋል። የቀድሞው የካሜሩን ተጫዋች ዣን ክሎድ ምቩማን ፉት ሶሊዴር የተባለውን ድርጅት ፓሪስ ላይ ያቋቋመው በየጎዳናው የተጣሉ እንደዚህ ያሉ ልጆችን እያየ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ያዙልኝ ወዳልኩት ነጥብ ልመለስ። ጥሩ ስም ያላቸው የምዕራብ አፍሪካ አካዳሚዎች ልጁን ለማስፈረም ከወላጅ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ገንዘቡ የሚመጣው ወደፊት ከገዢው ነው። አስቀድሞ ክፈል የሚል ሰው ገቢው ከልጁ ችሎታ ሳይሆን ከወላጁ ኪስ እንደሆነ ራሱ ነገረን። ቀጥሎ መዝገቡን መጠየቅ ነው። በፊፋ ደንብ መሠረት ታዳጊዎችን የሚያሠለጥን አካዳሚ ልጆቹን ለአገሩ ፌዴሬሽን ማሳወቅ አለበት፤ ስለዚህ የልጁ ስም መቼ እንደሚመዘገብ፣ የምዝገባው ቅጂም ለቤተሰቡ እንደሚሰጥ መጠየቅ ነውር የለውም። ከዚያ ከአምስት ዓመት በፊት የገቡት ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ ይጠየቅ፤ የአንዱን ኮከብ ፎቶ ሳይሆን የሁሉንም። የሚያውቅ ቤት ይመልሳል።

የተጫዋቹ ፓስፖርት የክለብ ስምና ቀን ብቻ ነው የሚይዘው፤ የሒሳብና የእንግሊዝኛ ውጤት የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ያንን ወላጅ በየመንፈቁ ለብቻው መጠየቅ አለበት፤ ከመምህሩ፣ በወረቀት፣ ማኅተም የተደረገበት።